የእትዬ ተሾመች ሁለተኛ ዓይን

መምህር መርስዔ ኃዘን አንድ የማይለቃቸው አመል ነበራቸው። ዘመኑ የሂስና የግለ ሂስ ዘመን ነው፤ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ ሰው እየተነሳ ጥፋቱን ይናዘዛል። እሳቸውም ከዘመኑ ላለመጉደል ይሁን ወይም የሰው ጉድ መስማት ደስ ስለሚላቸው፣ ዓመት በተገባደደ ቁጥር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን የግራፊክ ክፍል ተማሪዎች አንድ በአንድ ከሰሌዳው ፊት እያቆሙ «ጠንካራ ጎንህ? ደካማ ጎንህ? ዓላማህ?» ይላሉ። አንዱ ጎረምሳ «ደካማ ጎኔ ሥራ ከመውደዴ የተነሳ እንቅልፍ ማጣቴ ነው» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። በንድፍ ሰዓት ሲያንኮራፋ ያልሰማው ሰው አልነበረማ።

የትምወርቅ ኃይለ ኢየሱስ ግን ተራዋ ሲደርስ አልቀለደችም። የራቤል ቄስ ልጅ ናት፤ ኑዛዜ ምን እንደሆነ ታውቃለች።

«ጠንካራ ጎኔ ፊደል ነው» አለች። እውነቷን ነው። አባቷ ገና አፏን ሳትፈታ ሀሁ ያስቆጠሯት ልጅ ናትና፣ ፊደል ስትጽፍ ማስመሪያ አያሻትም፤ ፊደሎቿ ለቅዳሴ እንደተሰለፉ ካህናት ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

«ደካማ ጎኔ ፊት ነው። የምሥለው ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ቆሞ ያፈጣል።»

ይህም እውነት ነበር። ገበሬ ብትሥል ያፈጣል፤ ሾፌር ብትሥል መንገዱን ትቶ ያፈጣል። አንድ ጊዜ በረኛ ሣለች፤ ኳሷ ከኋላው መረብ ውስጥ ገብታ እሱ ሁለት የእንቁላል አስኳል የሚያካክሉ ዓይኖቹን ተመልካቹ ላይ ተክሎ ቆሟል። መምህር መርስዔ ኃዘን ያን ሥዕል አንስተው ለክፍሉ ሁሉ ካሳዩ በኋላ «ልጄ፣ ሰው ሁሉ ላንቺ ብሎ ፊት ለፊት አይቆምም። አዙሪው እስቲ!» አሏት።

«ዓላማሽስ?»

«መንገደኛ የሚያቆም ፖስተር መሥራት» አለች የትምወርቅ፤ ክፍሉም አጨበጨበላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውን በጎን እንጂ በፊት ማየት ተወች። በአውቶቡስ፣ በምግብ አዳራሽ፣ ይቅር ይበላትና በቅዳሴም መካከል ሳይቀር የሰው ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ እየተከተለች ትነድፋለች። በአውቶቡሱ ላይ ጎኗ የተቀመጠ ሁሉ ምን ሆና ነው እያለ ቦታ ይቀይር ጀመር። እሷ ግን አልሰማችም፤ ትጋት ሲይዛት እንደዚያ ናት። በዓመቱ፣ ከክፍሉ ውስጥ ፊትን በጎን በመሥራት የሚደርስባት ጠፋ። ከግንባር እስከ አገጭ ያለውን መስመር ብሩሿን ሳታነሳ ባንድ ትንፋሽ ታወርደዋለች። መምህሩ አንዱን ሥራዋን በኮሪደሩ ላይ ሰቀሉላት። የትምወርቅም ደካማ ጎኗን ቀብራ ተዝካሩን ያወጣች ያህል ተደሰተች።

የመመረቂያው ዓመት ሲደርስ መምህሩ የመጨረሻውን ሥራ ሰጧቸው። ክረምት ነውና በየአገሩ የመሠረተ ትምህርት ምዝገባ አለ። እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ትውልድ ቀዬው ሄዶ፣ ሰው እንዲማር የሚጠራ አንድ ትልቅ ፖስተር ሠርቶ በአደባባይ ያቆማል።

«ፖስተርሽን እኔ አልፈርድበትም» አሏት። «የአገርሽ ሰው ይፍረድበት። አይቶት ለመማር ከመጣ አልፈሻል። ካልመጣ ግን ዓመቱን ትደግሚያለሽ። ሥራሽን ይዘሽልኝ ነይ።»

የትምወርቅ ሳቋ መጣ። በልቧ ዲፕሎማዋን ተቀብላ ጨርሳ ነበር።

አውቶቡሱ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ጣላት። ከዚያ ወዲያ አባቷ በላኩላት በቅሎ የጓሳን ደጋ ብርድ ተሻግራ፣ ጣቶቿ ብሩሽ መያዝ ቀርቶ አፍንጫዋን መጥረግ አቅቷቸው ራቤል ገባች። ሐምሌ ነው፤ ጉሙ ከቤት ቤት እየዞረ እንደ ጎረቤት ይገባል ይወጣል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አበረ ይባላል። ከለውጡ በፊት በርኖስ ነጋዴ ነበር፤ ሲበዛ ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ሊቀ መንበር ከሆነ ወዲህ ሲናገር ሬዲዮ የዋጠ መምሰሉ ብቻ ነው። የትምወርቅ የመጣችበትን ስትነግረው ዓይኑ በራ። ባለፈው ዙር ለመሠረተ ትምህርት የተመዘገበው ሰው እጅግ ጥቂት ስለነበር ከአውራጃ ተግሣጽ ደርሶበታል። ለትምህርት ቤቱ ኮርኒስ ከመጣው ኮምፔንሳቶ አንዱን ደህና ሳንቃ መርጦ «ጓድ የትምወርቅ፣ ሰፊው ሕዝብ በብሩሽሽ ይነቃ!» ብሎ አስረከባት።

ማንን ልሣል ብላ ብዙ አላሰበችም። የክርስትና እናቷ እትዬ ተሾመች አሉ። ሱፍ ፈታይ ናቸው፤ ጠላም ይሸጣሉ፤ ራቤል ውስጥ በአፍንጫቸው ሰልካካነትና በምላሳቸው ስለት የሚስተካከላቸው የለም። እሳቸው የተመዘገቡ እንደሆነ የገበያው ሴት ሁሉ ይመዘገባል። ደግሞም የመማር ፍላጎቱ ነበራቸው። ሁልጊዜ ውዳሴ ማርያም የሚያነብላቸው የሟች ባላቸው ወንድም ነው፤ እሱ ደግሞ ዲያቆን ሆኖ ሆዳም ነው።

«ሲርበው ይዘላል» አሉ እትዬ ተሾመች። «የሠኞውን ጀምሮ በሦስት ትንፋሽ ‹አሜን› ይላል። እኔ ምን አውቄ ልያዘው? ፊደል ብቆጥር ግን አንዲት ቃል አታመልጠኝም። በሳንቃው ላይ አሳምረሽ ሣይኝና ከሁሉ ቀድሜ እመዘገባለሁ።»

አሳምራ ልትሥላቸው ተነሳች። እቤታቸው አስቀምጣ፣ መጽሐፍ እጃቸው ላይ አድርጋ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞረች።

«ምነው ፊቴን ወዲያ አልሽው?»

«እንዲህ ሲሆኑ ነው የሚያምሩት፣ እትዬ።»

«እንግዳ ሲመጣ ፊት ይሰጡታል እንጂ ጎን ይሰጡታል?»

«ጥበብ ነው፣ እትዬ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ጥበብሽ አንገቴን አጣመመው እኮ!» አሉ፤ ነገር ግን የጡት ልጅ ያህል ስለሚወዷት ተጣመው ተቀመጡላት።

እስከ ገበያ ቀን ድረስ ሥራውን ለማንም አላሳየችም። ጋቢ ሸፍናበት፣ እየገለጠች እየሠራች፣ እየሠራች ብቻዋን እየሳቀች ሰነበተች። አፍንጫው! ያ መስመር ከግንባር ተነስቶ ወርዶ፣ በከንፈር ላይ ጥቂት አርፎ፣ አገጭ ላይ ሲደርስ ራሷን ልትስም ምንም አልቀራት። ከሥር በእነዚያ ቀጥ ባሉ ፊደሎቿ «ኑ ተማሩ! ፊደል ዓይን ይገልጣል» ብላ ጻፈች።

በገበያው ዕለት ሳንቃው ከገበያው መግቢያ በሁለት እንጨት ላይ ቆመ። ጓድ አበረ ያንን የሬዲዮ ንግግሩን አደረገና ጋቢውን ገፈፈው።

ሰው ሁሉ ቆመ። በግ የሚነዳው ቆመ፣ ገብስ የተሸከመው ቆመ፣ የሚጨቃጨቀውም ዝም አለ። የትምወርቅ ልቧ ዘለለ፤ መንገደኛ አቆምኩ አለች በሆዷ።

ለዝናቡ የሣር ገሣ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ማነው እሱ?» አሉ።

«እንጃ፣ ይሁዳ ነው መሰለኝ» አለች ቅቤ ሻጯ፤ አማተበችም።

«ይሁዳ ሹሩባ አለው እንዴ?»

«ቆይ ቆይ፣ አፍንጫውን አውቀዋለሁ። ወይ ጉድ! እትዬ ተሾመች ናቸው!»

«ሁለተኛው ዓይናቸውስ?»

ያን ጊዜ ዲያቆኑ፣ ያ የሚዘለው፣ ከሥር ያለውን ጽሕፈት ሳይዘል አነበበ። «ፊደል ዓይን ይገልጣል።»

«ይሄው አንዱን ገልጦ ወስዶታል!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ገበያው ተናወጠ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑ፣ ጻድቃኑ፣ ደግ የሠራ ሁሉ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ሰይጣን፣ ይሁዳና ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ግን በጎን ናቸው፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ማንም አዋጅ አልነገረበትም፤ ልጅ አቡነ ዘበሰማያትን ሳይዝ በፊት ይህን ያውቃል። እንግዲህ የትምወርቅ የገዛ ክርስትና እናቷን ከይሁዳ ጋር አሰልፋ፣ መጽሐፍ አስይዛ፣ በገበያ ፊት አቁማቸዋለች።

እትዬ ተሾመች ጥጥ ባለ ነጠላቸው አጊጠው፣ አዲስ ቅቤ ተቀብተው ደረሱ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። አዩት። የትምወርቅ ስድብ ጠበቀች፤ እሳቸው ሲሰድቡ ደግሞ ተራራ ይሰማል። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ስበው ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሸፈኑና ተመልሰው ሄዱ። ይህ ከስድቡ ሁሉ የከፋ ነበር።

ምዝገባው በማግሥቱ ተጀመረ። ጠረጴዛ ወጣ፣ ወንበር ወጣ፣ ጓድ አበረ ከነማኅተሙ ተሰየመ። እስከ ማታ ድረስ ጠረጴዛው አጠገብ የመጣ ነፍስ ያለው ፍጡር ቢኖር ዝናብ የሸሸች አንዲት በግ ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው እስከ ቆላው ወርዷል፤ ፊደል የቆጠረ አንድ ዓይኑ ይፈሳል ተብሏል። በማግሥቱም፣ በሠልስቱም ማንም አልመጣም።

ጓድ አበረ የትምወርቅን አስጠራት። «ጓድ የትምወርቅ፣ ይህ ተራ ስሕተት አይደለም። ይህ...» ቃል ፈለገ፤ የሰማውን ሁሉ በአእምሮው አገላበጠ፤ «ይህ አድኃሪ አፍንጫ ነው!» አለ።

የትምወርቅ ሳቋን መያዝ አቃታት። እሱም ፈገግ አለና ወዲያው ተክዞ ወደ ድሮው በርኖስ ነጋዴነቱ ተመለሰ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር እኮ ነው ያደረግነው፣ እህቴ። ባዶውን ሳንቃ አቁመነው ቢሆን ስንት ሰው ይመጣ ነበር። የሚመጣው ገበያ ቀን የአውራጃ ሰዎች ለመክፈቻው ይመጣሉ። ያለ ተማሪ ምን ይከፍታሉ? የኔንስ ተይው፣ አንቺም ዓመቱን ትደግሚያለሽ አላልሽኝም?»

«እደግማለሁ» አለች፤ ሳቋም ሄደ።

እቤት ስትገባ አባቷ ቄስ ኃይለ ኢየሱስ ሲያዩዋት፣ ያን ሁሉ ቀን የያዙት ሳቅ አመለጣቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እሷ ደግሞ አለቀሰች፤ ሁለቱም እንባ በእንባ ሆኑ።

«አባባ፣ ምን ያስቅዎታል?»

«የትሜ፣ አንቺ እኮ ገና በትከሻዬ ሆነሽ ግድግዳውን እያየሽ ‹ይሄኛው ለምን አንድ ዓይን ብቻ አለው?› ብለሽ የጠየቅሽኝ ልጅ ነሽ። ‹ክፉ ስለሆነ ሙሉ ፊቱን ለሰው አይሰጥም› ስልሽ ሌሊቱን ሁሉ ‹እኔስ ስንት አለኝ?› እያልሽ እናትሽን አላስተኛሻትም። አሁን የት ረሳሽው?»

የት እንደረሳችው አስባ አስባ አላገኘችውም። ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ መጀመሪያ በመምህር መርስዔ ኃዘን ላይ ተናደደች፤ አዙሪው ያሏት እሳቸው ናቸው። ቆይታ ግን አዲስ አበባ ላይ ትክክል እንደነበሩ ታያት። ያ በረኛ፣ እውነት ለመናገር፣ መዞር ነበረበት። ቀጥላ በራቤል ሰው ላይ ተናደደች። እነሱም ትክክል ናቸው። አባት እናታቸው ያዩትን ግድግዳ ነው ያዩት። ታዲያ ማን ቀረ? እሷው ቀረች።

ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን እያለች ስታወራ እንደ ቀኝና ግራ እጅ ባሉበት የሚቀመጡ መስሏት ነበር። ለካ የሚቀመጡ አይደሉም። ራቤል ላይ ነፍስ የሚያተርፍ በርኖስ መርሐቤቴ ቆላ ሲወርዱበት ሸክም ነው፤ በርኖሱ ግን ያው በርኖስ ነው። የተሳሳተችው ሌላ ቦታ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ብሩሽ ስታነሳ «መምህሩ ምን ይሉኝ ይሆን?» እንጂ «ይህን የሚያየው ማነው?» ብላ አልጠየቀችም። ደካማ ጎኔ ይሄ ነው፣ የፊትም የአፍንጫም ጉዳይ አይደለም አለች። ይህን ካለች በኋላ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ቀለል አላት። ሽሮዋንም አጣጥማ በላች።

በማግሥቱ እትዬ ተሾመች ቤት ሄደች። በሩ ተከፈተላት፤ ፊት ግን አልተከፈተላትም። እትዬ ተሾመች እንዝርታቸውን ይዘው ጎናቸውን ሰጥተዋት፣ ግድግዳውን እያዩ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ማንን? እኔንማ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለሽ ብለሽኛል። በዚህኛው ደግሞ አንቺን ማየት አልፈልግም።»

«እትዬ...»

«ባሌ በሞተ ጊዜ እንኳ ሰው ፊት ተሸፍኜ አላውቅም!»

የትምወርቅ እግራቸው ሥር ወደቀች። እግራቸውን ስማ ስታበቃ ያሰበችውን ነገረቻቸው። ሳንቃውን ነጭ ቀለም ቀብታ እንደ አዲስ ትሠራዋለች። እሳቸው መካከል ላይ ይሆናሉ፤ ሙሉ ፊት፣ ሁለት ዓይን፣ እንዲያውም ከወትሮው ተለቅ ያለ። ግን ያ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው «ይሁዳን ኩል ቀቡት» ነው የሚለው። ስለዚህ ከሥር በጥግ በኩል ባለ አንድ ዓይን የሆነ ሌላ ፍጡር ከፊደሉ እየሸሸ ሲሮጥ ትሥላለች። ስሙም መሃይምነት ይሆናል።

እትዬ ተሾመች እንዝርታቸው ቆመ። «በማን መልክ ልታደርጊው ነው?»

«ጓድ አበረን ጠይቄው ኢምፔሪያሊዝምን በባርኔጣ ሣይው አለኝ።»

«እሱን ደግሞ እዚህ ማን ያውቀዋል? የምናውቀው ሰው ይሁን እንጂ።»

«እኔ ነኝ» አለች የትምወርቅ። «በኔ መልክ ነው የማደርገው።»

ያን ጊዜ እትዬ ተሾመች ዞሩ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንባ አቅርረዋል፤ አፋቸው ግን ሊስቅ ዳር ደርሷል። «አንቺ ዓይን አውጣ! የገዛ ፊትሽን በጎን እንዴት አድርገሽ ታይዋለሽ?»

እሱን አላሰበችበትም ነበር። ራቤል ውስጥ ያለው መስተዋት ሁሉ ከመዳፍ አይበልጥም። ሐምሌም እንዲህ ያለ ምሕረት አልፎ አልፎ ያደርጋልና ጉሙ ተገለጠ፤ ፀሐይ በበሩ ገባችና የትምወርቅን ጥላ ከነአፍንጫዋ ምርጊቱ ላይ ጣለችው።

«አትንቀሳቀሺ!» አሉ እትዬ ተሾመች።

ከምድጃው ከሰል አነሱ። እጃቸው እንዝርት እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ አያውቅም፤ ከሰሉን እንደ ማማሰያ ጨበጡት። ከግንባሯ ጀመሩ። እስከ ቅንድቧ ድረስ ተንቀጠቀጡ፤ አፍንጫዋ ላይ ሲደርሱ ግን ልብ አገኙና ወጣ አደረጉት፣ አሁንም ወጣ አደረጉት፣ ከጥላው አስመልጠው ወሰዱት። አገጯ ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ ጠፋች።

የትምወርቅ ዞራ ስታየው በሳቅ ተንበረከከች። «እትዬ፣ ይህ አፍንጫ የኔ ነው?»

«ንክች እንዳታደርጊው!» አሉ እትዬ ተሾመች፤ የጠቆረ ጣታቸውን እያዩ። ጣታቸውን ደጋግመው አዩት። «ይሄ... ይሄ ይቻላል ማለት ነው?»

«ፊደልም ከዚህ አይከብድም፣ እትዬ።»

የትምወርቅ መስመሩን ሳታርም፣ ከነመንቀጥቀጡና ከነአፍንጫው ሳንቃው ላይ ገለበጠችው። መምህር መርስዔ ኃዘን ያስተማሯት ያ ባንድ ትንፋሽ የሚወርደው መስመሯ ከዚህ አጠገብ ሞቶ የተገነዘ መሰላት። በቀጣዮቹ ቀናት እጇ አረፍ አላለም። እትዬ ተሾመችን ፊት ለፊት፣ በእነዚያ መምህሩ በተሳለቁባቸው ትላልቅ ዓይኖች ሣለቻቸው። አቤት እንዴት እንደናፈቋት! ዓይኖቹ ከሳንቃው ላይ ሲያዩዋት የጠፋ ዘመድ ያገኘች ያህል ደስ አላት።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ሳንቃው እንደገና ቆመ። የአውራጃ ሰዎችም መኪና እስከሚደርስበት መጥተው፣ የቀረውን መንገድ በጭቃ ተለውሰው ደርሰዋል። ጓድ አበረ ንግግሩን ረስቶት ጋቢውን ዝም ብሎ ገፈፈ።

ሰው ቆመ። መጀመሪያ እትዬ ተሾመችን አየ፤ ሙሉ ናቸው። ቀጥሎ ወደ ጥጉ ወረደ።

«እንዴ! የቄስ ኃይለ ኢየሱስ ልጅ አይደለችም እንዴ ያች የምትሮጠው?»

«እሷው ናት! አፍንጫዋን እይላት!»

«ምን ሆና ነው የምትሸሸው?»

«መሃይምነት ናት ይላል» አለ ዲያቆኑ አንብቦ።

«ራሷን?» አሉ ገሣ የለበሱት ሽማግሌ፤ ወደ የትምወርቅ ዞረው አዩዋት። «ራስሽን ነው?»

«ራሴን ነው፣ አባቴ። ጥፋቱ የኔ ነበራ።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ቅቤ ሻጯ፣ ከቅቤ ሻጯ ወደ በግ ነጋዴው ተላለፈ፤ ገበያው በሙሉ ሳቀ። እትዬ ተሾመች ደግሞ ሳንቃው ጎን ቆመው «አፍንጫውን የሣልኩት እኔ ነኝ! በገዛ እጄ!» እያሉ ለሚሰማም ለማይሰማም ይናገራሉ። ከዚያም ሄደው ከጠረጴዛው ፊት ቆሙ፤ ስማቸውን ከሁሉ ቀድመው አስጻፉ።

ስማቸውን አስጽፈው ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ወደ ሳንቃው ተመልሰው፣ ከመቀነታቸው ወስፌ መዘው፣ የምትሮጠዋን ልጅ ዓይኗ ላይ ጠቅ አደረጓት።

የትምወርቅ ጮኸች። «እትዬ! የመመረቂያ ሥራዬ ነው!»

«መሃይምነት አይደለች እንዴ?» አሉ፤ በየዋህነት።

እዚህ ላይ ደግሞ ሌላው የአገሩ ልማድ መጣ። በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ያለው ይሁዳ ዓይን የለውም። ሠዓሊው ረስቶት እንዳይመስላችሁ፤ ምእመናኑ ያለፉ ያገደሙ ጊዜ በእሾህ እየወጉ አጥፍተውት ነው። ክፉ ተሥሎ እያየ ዝም አይባልም። ቅቤ ሻጯም ይህን አሰበችና «እኔም ልውጋት» ብላ ተጠጋች።

የትምወርቅ እጆቿን ዘርግታ በሳንቃውና በሰው መካከል ቆመች። ይህን ሳንቃ ይዛ ካልተመለሰች ምን ይዛ ልትመለስ ነው? ተቦጫጭቆ ቢያዩት መምህሩ ምን ይላሉ? ይህን ስታስብ ያው ደካማ ጎኗ መመለሱን ነቃችበት። መምህሩ ምን ይላሉ! ወዲያው ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።

«ግን አስቀድሞ ስሙን ያላስጻፈ አይወጋም!» ብላ ጮኸች።

ይህን ማለቷ በቂ ነበር። ወደ ጠረጴዛው የሄደው ሰልፍ ገበያውን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ከአጥር እሾህ ሰብሮ ይመጣል፣ ሌላው ወስፌ ይዋሳል። ሽማግሌው ገሣቸውን አውልቀው አስይዘው፣ ስማቸውን አስጽፈው፣ «ይቺን የዕድሜ ልክ ጠላቴን!» ብለው ወጓት። ጓድ አበረ እየጻፈ እጁ ዛለ፤ ቢደክመውም ፊቱ ያበራል። ከአውራጃ ከመጡት አንዱ ጓድ ቀረብ ብሎ «ይህ ምን ዓይነት ተግባር ነው?» ሲለው «መሃይምነትን በመፋለም ላይ ነን፣ ጓድ!» አለው። እንግዳው ጥቂት አሰበ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ እሾህ ተበደረ። በዚያን ቀን ከራቤል ሰው የትምወርቅን ዓይን ያልወጉ ዲያቆኑ፣ ጓድ አበረና አባቷ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ፊደል ስለሚያውቁ አልተፈቀደላቸውም።

ሳንቃው በበቅሎ ጓሳን ተሻገረ፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ አዲስ አበባ ገባ። የትምወርቅ ክፍሉ ፊት ስታቆመው ተማሪው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሳ። መምህር መርስዔ ኃዘን መነጽራቸውን አስተካክለው ትላልቆቹን ዓይኖች አዩ። ወደ ጥጉ ዝቅ ብለው የሚንቀጠቀጠውን አፍንጫ በጣታቸው ተከተሉት።

«ይህ መስመር ያንቺ አይደለም።»

«የእትዬ ተሾመች ነው። ብርዕ ይዘው አያውቁም ነበር።»

«ነፍስ አለው» አሉ መምህሩ፤ በቀስታ። ቀጥሎ ጣታቸው ዓይኑ የነበረበት ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ዙሪያውን፣ እስከ ጉንጯና እስከ ጆሮዋ ድረስ ፈንጣጣ እንዳጠቃት ተበሳስታለች። «ሥራሽን ማነው እንዲህ ያደረገብሽ?»

«ተማሪዎቹ ናቸው።»

«የትኞቹ ተማሪዎች?»

«ሊማሩ የመጡት። እያንዳንዱ ከተመዘገበ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ወጋት።»

«ስንት ሰው መጣ?»

የትምወርቅ ሳንቃውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። «ይቁጠሯቸው፣ መምህር።»

መምህር መርስዔ ኃዘን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ከጆሮዋ ጀምረው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ጉንጯ ላይ ሲደርሱ ጠፋባቸውና እየሳቁ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።